አባባን ላከማችሁልን የቀዶ ሕክምና ቡድን፣ እጃችሁ ይባረክ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። በዚያውም የጉበት፣ የሐሞት ቱቦ ወይም የቆሽት ዕጢ ተብሎ መሄጃው የጠፋበት ቤተሰብ ካለ ይጠቅመው ይሆናል። አባባ ዛሬ በእግራቸው ይሄዳሉ። ይበላሉ። እንደ ድሮው ይቆጡናልም። ተመስገን ነው!

ያሳለፍናቸውን ወራት ማስታወስ ያመኛል። መጀመሪያ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሽንታቸው ጠቆረ፣ ሰገራቸው ነጣ። ገላቸውን እያሳከካቸው ሲያኩ ያድራሉ። ሆዴን አመመኝ ግን አይሉም። አንዱ ጋ ስንሄድ ጨጓራ ነው ተባለ። ሌላው ጋ የወፍ በሽታ ነው፣ በራሱ ይለቃል ተባልን። ሌላው ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው መድኃኒት ጻፈ። እሳቸው ከቀን ወደ ቀን እየከሱ ሄዱ።

በመጨረሻ የቆሽት ዕጢ መሆኑ ታወቀ። ያን ቀን ያየናቸው ሐኪም አባባን ዘለው ወደ እኔ ዞሩና «ወደ ቤት ውሰዷቸው፣ ገንዘባችሁን በከንቱ አትጨርሱ» አሉኝ። አባባ እኮ አጠገቤ ተቀምጠዋል! ጆሯቸው ይሰማል! ስም አልጠራም። ግን ሰው እንዲህ አይሸኝም።

እግዜር ይስጠው፣ አንድ ወዳጃችን የጉበት፣ የሐሞት ቱቦና የቆሽት ቀዶ ሕክምና ብቻ ወደሚሠራ ቡድን ጠቆመን። ዶክተሩ ወንበራቸውን ስበው አባባ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «አባቴ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ልንገርዎ?» አሏቸው። አባባ «ሁሉንም» አሉ። ዶክተሩ አንድ የላብራቶሪ ወረቀት ገለበጡና በእስክሪብቶ መሣል ጀመሩ። ጉበቱን ከላይ፣ ከሱ የሚወርደውን የሐሞት ቱቦ፣ ከጨጓራ ኋላ የተጋደመውን ቆሽት። የቆሽቱ ራስ ላይ አንድ ነጥብ አጠቆሩ። «ዕጢው እዚህ ነው። ቱቦውን ተጭኖታል። ሐሞቱ መውረጃ ሲያጣ ወደ ደም ገባ፤ ዓይንዎ ቢጫ የሆነው ለዚህ ነው» አሉ። ስንት ቦታ ስንዞር ማንም ያላስረዳን ነገር ቁጭ ብለን ገባን። አባባ ያን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ ሳይደብቁ ነገሩን። የቆሽት ካንሰር ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው፤ ለቀዶ ሕክምና የሚደርሰው ከአምስት ሰው አንድ ቢሆን ነው። የአባባ ዕጢ ግን ሲቲ ስካኑ ላይ ትልልቆቹን የደም ሥሮች አልያዘም፣ ጉበትም ላይ አልተሠራጨም። አደጋውንም ነገሩን። የተሰፋው ቆሽት ሊያፈስ ይችላል። ደም ሊፈስ ይችላል። ሞትም አለ። በዓመት ስንት እንደሚሠሩ፣ ስንት ሰው እንዳለፈባቸው ሳንጠይቅ ነገሩን። ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ይሄ ነው፦ «እኔ ጋ ባይሆንም ግድ የለም። ብቻ ይህን ሥራ አዘውትሮ የሚሠራ ቡድን ጋ ይሁን» አሉ። ኋላ ሳነብ እውነታቸውን ነው። ይህን ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚሠሩ ሆስፒታሎች ውስጥ የሚሞተው ሰው ያነሰ መሆኑ በጥናት የተረጋገጠ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ዊፕል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ እሱ በጻፉት አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በአለን ዊፕል ስም የተጠራ ነው። የቆሽቱን ራስ፣ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱንና የቱቦውን የታች ክፍል ያወጡና የቀረውን ከአንጀት ጋር መልሰው ይሰፉታል። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። አባባ ጠዋት ገብተው ሊመሽ ሲል ወጡ። መሃል ላይ አንዲት ነርስ እየወጣች «ደህና ናቸው፣ ገና እየተሠራ ነው» ትለን ነበር። ደጅ ለሚጠብቅ ሰው ይህች ቃል ምን እንደሆነች የደረሰበት ያውቃታል።

ደግሞ የሌሊቷን ሲስተር ሳላመሰግን አላልፍም። አባባ ሆድ ላይ የተተከለው የፈሳሽ ማውጫ ቱቦ አለ። ከቀናት በኋላ የሚወርደው ፈሳሽ መልኩ ተለወጠ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ ምንም አልታየኝም። እሷ ግን ከረጢቱን ወደ መብራቱ አነሳች፣ አየች፣ ደግማ አየች። ይንጋ ሳትል ዶክተሩን ደወለችላቸው። መጡ። ያ የፈሩት የቆሽት መፍሰስ ነበር። በጊዜ ስለተደረሰበት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ፣ በዚያው ቱቦ እየወጣ ቀስ በቀስ ደረቀ። እህቴ፣ ክፉ አይንካሽ። ዕድሜ ይስጥሽ።

አጠገባችን አንዲት እናት ጉበታቸው ግማሽ ያህሉ ተቆርጦ ተኝተው ነበር። ልጆቻቸው «በግማሽ ጉበት እንዴት ይኖራሉ?» እያሉ ያለቅሳሉ። ጤነኛ ጉበት ተቆርጦም መልሶ እንደሚያድግ ያስረዷቸው እኚሁ ዶክተር ናቸው። እኚያ እናትም ከእኛ ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ።

አሁንም ክትትል ላይ ነን። ኬሞም (የካንሰር መድኃኒት) ወስደዋል። አባባ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይበላሉ፤ ከምግብ ጋር የሚወሰድ፣ ምግብ እንዲፈጭ የሚረዳ የኢንዛይም ክኒን አላቸው፣ ስኳራቸውም ይታያል።

እባካችሁ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ካላችሁ ያለ ምርመራ በራሱ ይለቃል ብላችሁ አትቀመጡ። ቢጫ ሆኖ ሕመም የለውም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። አልትራሳውንድ ይነሳ፣ ካስፈለገ ሲቲ ስካን። «አይሠራም» ከተባላችሁም ይህን ዘወትር የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ሳያይላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። እሱም አይሠራም ካለ ምክንያቱን ቁጭ ብሎ ያስረዳችሁ። በዓመት ስንት እንደሚሠራም ጠይቁት፣ አትፈሩ።

ዶክተሩ ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ አልፈለጉም፣ አክብሬላቸዋለሁ። ለሚያስፈልገው ግን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። በማንኛውም ሰዓት ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።