የድሮ ዶሜይናችሁን “ይቅር” ለሚሏችሁ ብር እንዳትከፍሉ

የድርጅት ስም ቀይራችሁ አዲስ ዌብሳይት ልታሠሩ ላሰባችሁ ነው፤ በተለይ ለአስጎብኚዎች፣ ለእንግዳ ማረፊያዎችና ለመኪና አከራዮች።

ሰሞኑን አንድ “የዝውውር ፓኬጅ” እየተሸጠ ነው። አቅራቢዎቹ ዌብሳይት ሠሪዎች ናቸው። ስም አልጠራም። የሚሉት ይህን ነው፦ አዲስ ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ) እንገዛላችኋለን፤ የድሮው አድራሻችሁ ያለባቸውን በመቶ የሚቆጠሩ ዳይሬክተሪዎች (የዌብሳይቶችን አድራሻ የሚዘረዝሩ ገጾች) ወደ አዲሱ እናዛውራለን፤ የድሮውን ግን ከእንግዲህ ማደስ አያስፈልግም።

አስጎብኚ ድርጅት ያለው ወዳጄ የላኩለትን ዝርዝር አሳየኝ። ከላይ የተቀመጡት ዲሞዝ እና የያሁ ዳይሬክተሪ ናቸው። ጉድ እኮ ነው! የያሁው በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ ተዘግቷል። ዲሞዝም በማርች 2017 ተከትሏል። በዚያ ላይ ዲሞዝ በነበረበት ዘመን ምዝገባው በነጻ ነበር፤ የሚያዘጋጁትም በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። አሁን ከተዘጋ ዳይሬክተሪ ላይ ምን አንስተው ምን እንደሚያዛውሩ እነሱ ይወቁት።

በሥራ ላይ ያሉትስ? ጎግል ካርታ ላይ ያለውን አድራሻ በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ በነጻ ትቀይራላችሁ። አስቸጋሪዎቹ ሌሎቹ ናቸው። ከዓመታት በፊት የመዘገባችሁ የጉዞ ዳይሬክተሪ፣ ስለ ሰሜን ተራራ ጽፎ ሊንካችሁን ያስቀመጠ መንገደኛ፣ ባለቤቱ የጠፋ ገጽ። ለእነዚህ ኢሜይል ብትጽፉ መልስ የሚሰጣችሁ ጥቂቱ ነው። ፓኬጅ ሻጩም ቢጽፍ ያው ነው፤ የተለየ ቁልፍ የለውም።

መፍትሔው የድሮውን ዶሜይን ይዞ ማቆየትና 301 በሚባለው ቋሚ ሪዳይሬክት ወደ አዲሱ ማዞር ነው። በድሮው ሱቅ በር ላይ “ተዛውረናል” ብሎ እንደመለጠፍ ነው። የድሮውን ሊንክ የነካ ሁሉ ሳይታወቀው አዲሱ ቤት ይገባል። ጎግልም መዛወራችሁን ይረዳል። ወጪው የዶሜይኑ እድሳት ነው፤ ለዶት ኮም ብዙ ጊዜ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ቢሆን ነው።

ሪዳይሬክቱንም ሲሠሩት የሚያበላሹት አሉ። ሁሉንም የድሮ ገጽ ወደ አዲሱ መግቢያ ገጽ ይወረውሩታል። የላሊበላ ጉዞ ፈልጎ የመጣ እንግዳ መግቢያው ላይ ግራ ተጋብቶ ይወጣል፤ ጎግልም እንዲህ ያለውን ገጽ እንደጠፋ ሊቆጥረው ይችላል። እያንዳንዱ ገጽ ወደ አቻው ይሂድ። የድሮው ዶሜይን የደህንነት ሰርተፍኬትም መታደስ አለበት፤ አለበለዚያ እንግዳው ከመዞሩ በፊት ብሮውዘሩ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያሳየዋል። ሰርተፍኬቱ ሌትስ ኤንክሪፕት ከሚባለው ድርጅት በነጻ ይገኛል፤ “ለእሱ ተጨማሪ ክፈሉ” ሲሏችሁ ለምን በሉ።

ትልቁ አደጋ ግን “አታድሱት” የሚለው ምክር ነው። ዶት ኮም ጊዜው ካለፈ በኋላ ሬጂስትራሩ (ዶሜይኑን የመዘገበላችሁ ድርጅት) እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ከዚያ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ መሰረዙን የሚጠብቅበት 5 ቀን፤ ከዚያ ለማንም ክፍት ነው። አንዳንዱ ሬጂስትራር ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ለጨረታ ያወጣዋል። ጥሩ ሊንክ ያለውን ዶሜይን አድፍጠው የሚጠብቁ ነጋዴዎች ደግሞ ሞልተዋል። ይገዙትና የቁማር ገጽ ይለጥፉበታል። ስማችሁ ያለባቸው ዳይሬክተሪዎች ሁሉ ደንበኛችሁን ወደዚያ ይሸኙታል።

ኢሜይሉስ? ሪዳይሬክት ገጽን እንጂ ኢሜይልን አያዞርም። በድሮው ዶሜይን ስም ያለው ኢሜይላችሁ በብሮሹር ላይ ታትሟል፣ የአስጎብኚ ወኪሎች ጋ ተመዝግቧል። ዶሜይኑን የገዛ ሰው በዚያ አድራሻ የሚላከውን ሁሉ መቀበል ይችላል። የፌስቡክ ገጻችሁ በዚያ ኢሜይል ከተከፈተ ፓስወርድ አስቀይሮ ገጹን ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ሪዳይሬክቱ ብቻ አይበቃም፤ የድሮው ኢሜይልም ወደ አዲሱ እንዲተላለፍ አስደርጉ።

ሌላም የኛ አገር ጣጣ አለ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ብዙዎቻችን ካርድ ያለው ሰው እንዲገዛልን እናደርጋለን። እሱም በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል። ያኔ ባለቤቱ እሱ ሆነ ማለት ነው። ካርዱ የማንም ይሁን፣ አካውንቱ፣ ስሙና ኢሜይሉ የእናንተ ይሁን። ሲጣሉ ዶሜይኑን መያዣ ያደረጉ አሉ።

“እስከ መቼ ላድስ?” ለምትሉ፣ ጎግል ሪዳይሬክቱ ቢያንስ ለ1 ዓመት ይቆይ ይላል። እኔ ግን ድርጅቱ እስካለ ድረስ አድሱት ባይ ነኝ።

ለፓኬጁ ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ የአይካን (የዶሜይን ስሞችን የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ድርጅት) መፈለጊያ ገጽ ላይ የድሮውን ዶሜይን አስገቡና የሚያበቃበትን ቀንና ሬጂስትራሩን እዩ። ቀኑ ካለፈም ተስፋ አትቁረጡ። ሠሪውን በስልክ ስትለማመጡ ቀን እንዳያልፍባችሁ፣ በቀጥታ ለሬጂስትራሩ ጻፉ። የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የንግድ ፈቃዳችሁን አያይዙ።