የሉሲ ቦል አሮጌ መጽሔቶች፦ የቱን ልግዛ ለምትሉ

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት መጽሔቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ኮት ኪስ ውስጥ ይገባል። ሌላው መደርደሪያ ላይ ቀጥ ብዬ አልቆምም ስላለኝ አግድም ነው የሚተኛው። የወጡበት ቀን የሚለያየው በሦስት ቀን ብቻ ነው። ትንሹ ኤፕሪል 3፣ ትልቁ ኤፕሪል 6 ቀን 1953 ነው። (ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው እናንተም ስትገዙ የምትፈልጉት ሽፋኑ ላይ ባለው ቀን ስለሆነ ነው።) ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ሽፋን ላይ ያው አንድ ሕፃን አለ። ዋጋቸው ግን ጨርሶ አይገናኝም።

ትንሹ ቲቪ ጋይድ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራም መጽሔት የመጀመሪያው አገር አቀፍ እትም ነው። ትልቁ ላይፍ የተባለው በፎቶዎቹ የታወቀ ሳምንታዊ መጽሔት ነው። የሉሲ አድናቂ የሆነ ሰው መሰብሰብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያልመው ትንሹን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዛሬ ብትጠይቁኝ ግን መልሴ ሌላ ነው።

በቅድሚያ ግን የትኛዋ ሉሲ እንደሆነች እንግባባ። በአማርኛ «ሉሲ» ሲባል ድንቅነሽን የማያስብ የለም። የኔዋ ሉሲል ቦል ናት፤ «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ ዋና ተዋናይ። የሚገርመው፣ «ሂርስ ሉሲ» የሚባለው ተከታታይ ድራማዋ ያበቃው በ1974 ነው። የኛዋ ሉሲ ሐዳር ላይ ከአፈር የወጣችውም በዚያው ዓመት ነው።

አሁን ወደ ሕፃኑ። «አይ ላቭ ሉሲ» ሲቢኤስ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ መታየት የጀመረው ኦክቶበር 15 ቀን 1951 ነበር። በድራማው ባሏ የሆነው ኩባዊው ዴሲ አርናዝ ያኔ በእውነተኛው ሕይወትም ባሏ ነበር። ሉሲ ስታረግዝ እርግዝናዋን ከመደበቅ ይልቅ ታሪኩ ውስጥ አስገቡት። ያኔ በቴሌቪዥን «እርጉዝ» የሚለው ቃል ራሱ ነውር ስለነበር፣ ቃሉን ሳይጠሩ ዙሪያ ጥምጥም እየተናገሩ ነው ያለፉት። ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 ሉሲ በድራማው ወለደች። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውስጥም በእውነት ወለደች። ያን ምሽት 44 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው ይባላል። በማግስቱ የነበረው የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቃለ መሐላ ያን ያህል ተመልካች አላገኘም። በዚያ ዓመት የወጣ የሉሲ መጽሔት ሁሉ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ቲቪ ጋይድ ቁጥር 1

ሽፋኑ ላይ «የሉሲ 50 ሚሊዮን ዶላር ሕፃን» ይላል። ሲወጣ 15 ሳንቲም ነበር። ዛሬ ደህና ሆኖ የቆየ ቅጂ በመቶዎች ዶላር ይጠየቅበታል፤ ንጹሕ ከሆነማ ዋጋው ወደ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሽፋኑን የሞላው ሕፃኑ፣ ዴሲ አርናዝ ጁኒየር ነው። ሉሲ ጥግ ላይ በትንሽ ፎቶ ብቻ ብቅ ብላለች። መጀመሪያ ሳየው «እንዴ፣ እሷ የታለች?» ነው ያልኩት። በጣም ውድ የሆነው የሉሲ መጽሔት ሉሲ በቅጡ የማትታይበት ነው። ውድ ያደረገው የእሷ ፊት ሳይሆን «ቁጥር 1» መሆኑ ነው። የሚሻሙበትም የሉሲ አድናቂዎች ብቻ አይደሉም። የቲቪ ጋይድ ሰብሳቢዎች አሉ፣ የመጀመሪያ እትም የሚያሳድዱ አሉ፣ ነገ አትርፈው የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። እናንተ ሉሲን ወዳችሁ ስትገዙ ከነዚህ ሁሉ ጋር ነው የምትጫረቱት።

ሌላው ጉዳይ የአካባቢ እትም ነው። ቲቪ ጋይድ ሲጀምር በ10 የተለያዩ የከተማ እትሞች ነበር የወጣው። ሽፋኑ አንድ ነው፤ መሃል ያለው የፕሮግራም ዝርዝር ግን እንደ ከተማው ይለያያል። ስለዚህ «ሁለት አንድ ዓይነት» ብላችሁ የያዛችሁት ሲገለጥ አንዱ የኒውዮርክ፣ ሌላው የቺካጎ ሊሆን ይችላል። ለአብዛኛው ገዢ ይህ ለውጥ አያመጣም። ለአክራሪው ሰብሳቢ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሻጩም ይህን ካወቀ ይጨምርባችኋል።

አስመስለው ያተሙትም አለ። ይህ እትም በኋላ ዘመን ለመታሰቢያ እንደገና ታትሟል፤ ሻጩ ይህን አይጠቅስ ይሆናል። መለያው ወረቀቱ ነው። የድሮ ቲቪ ጋይድ ከውጭ የሚያብረቀርቅ ገጽ አለው፤ መሃሉ ላይ ያለው የፕሮግራም ዝርዝር ግን ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነው። ከሰባ ዓመት በላይ የቆየ የጋዜጣ ወረቀት እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ አይጠብቃችሁም። መሃሉ ነጭ፣ የስቴፕለሩ ሽቦም የሚያብለጨልጭ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ።

ላይፍ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1953

ይህኛው ሽፋኑ ላይ ሙሉ ቤተሰቡ አለ። ሉሲ፣ ዴሲ፣ ትልቋ ልጃቸው ሉሲ እና ሕፃኑ። ያኔ 20 ሳንቲም ነበር። ላይፍ በሳምንት በሚሊዮኖች ቅጂ የሚታተም መጽሔት ስለነበር ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል። በአስሮች በሚቆጠር ዶላር ጥሩ ቅጂ ታገኛላችሁ። ከቲቪ ጋይዱ ጋር ስታስተያዩት የቡና መጠጫ ነው ማለት ይቻላል።

ስፋቱ 27፣ ቁመቱ 35 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ፍሬም ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሥዕል ያክላል። ቲቪ ጋይድ ብትሰቅሉ ግን እንግዳው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠጋል። ማስታወቂያዎቹም ሌላ ደስታ ናቸው። መኪናው፣ ፍሪጁ፣ ሲጋራው። የ1953 አሜሪካ እዚያ ውስጥ አለች።

ችግሩም ያው ትልቅነቱ ነው። ሽፋኑ በራሱ ክብደት ከሽቦው ላይ ይላቀቃል። ጠርዙ ይቀደዳል። እንደ ቲቪ ጋይድ ፖስታ ውስጥ ከትታችሁ አትልኩትም። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በሰው እጅ ልልክ ካላችሁ ደግሞ እወቁት፤ ሻንጣ ውስጥ በበርበሬና በጫማ መሃል ታጥፎ የሚደርስ ላይፍ፣ ላይፍነቱ ያከትምለታል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሉሲን ራሷን ለሚወድ ሰው የመጀመሪያው ግዢ ይህ ነው። ከሁለቱ ደጋግሜ የማየው ትልቁን ነው።

በመሃል ያሉት

ሉሲ ብቻዋን እንድትሆንላችሁ ከፈለጋችሁ ሜይ 26 ቀን 1952 የወጣውን ታይም የተባለውን የዜና መጽሔት ፈልጉ። ሕፃን የለ፣ ባል የለ፣ እሷ ብቻ። ድራማው ጥቁርና ነጭ ስለነበር የታወቀው ቀይ ፀጉሯ በቴሌቪዥን አይታይም ነበር። ባለቀለም ሽፋን የሚያምርብኝ አንዱ ለዚህ ነው። ሌላው የዜና መጽሔት ኒውስዊክ ደግሞ ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 ሽፋኑን ሰጥቷታል። ቀኑን ልብ አላችሁ? በወለደችበት ቀን ነው! ዋጋው ከላይፍ ብዙም ስለማይርቅ፣ ታሪክ ያለው ቀን ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም።

ከ1953 በፊት የነበሩት የከተማ መጽሔቶች ግን ለጀማሪ አይሆኑም። አሳታሚው ዋልተር አነንበርግ ቲቪ ጋይድን አገር አቀፍ ያደረገው የኒውዮርክን፣ የቺካጎን እና የፊላደልፊያን የፕሮግራም መጽሔቶች ገዝቶ በማዋሃድ ነው። የኒውዮርኩ ከ1948 ጀምሮ ይወጣ ነበር። ሉሲ በነዚህም ሽፋን ላይ ወጥታለች። የታተሙት ጥቂት፣ የተረፉት ከዚያም ያነሱ ናቸው። ዋጋቸውን የሚያውቀው የቆየ ሰብሳቢ ነው፤ እናንተ ካላወቃችሁ ሻጩ ያወጣላችኋል።

የኋለኞቹ ቲቪ ጋይዶች

ሉሲ በቲቪ ጋይድ ሽፋን ላይ 39 ጊዜ ወጥታለች ተብሎ ይቆጠራል። በብዛት የሚስተካከላት የለም። ከነዚህ መካከል የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ለኪስ የሚመቹ ናቸው። በ1970ዎቹ መጽሔቱ በሳምንት ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ «ብርቅ» የሚል ቃል ሻጩ ከጻፈበት ሳቁና እለፉት። ብርቅ አይደለም። ያርድ ሴል (ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት) ላይ በካርቶን ሙሉ ይገኛል፤ የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ ላይም ብዙ ጊዜ ከምሳ አይበልጥም። ደግሞም በነዚህ ላይ ሉሲ ጥግ ላይ አይደለችም፤ ፊቷ ሽፋኑን ሞልቶታል።

በኦክቶበር 2001 የድራማውን 50ኛ ዓመት ለማክበር ቲቪ ጋይድ በ8 የተለያዩ ሽፋኖች ወጥቷል። ያምራሉ፤ ስምንቱን አንድ ላይ ማየት ደስ ይላል። ግን «ለሰብሳቢዎች» ተብሎ የታተመ ነገር ሁሉም ሰው ነው ጠቅልሎ ያስቀመጠው። ለደስታችሁ ግዙት። የልጆቼ ውርስ ነው ብላችሁ ግን ገንዘብ አታፍስሱበት።

ከመክፈላችሁ በፊት

አንድ ጊዜ የ1960ዎቹ ቲቪ ጋይድ ኢንተርኔት ላይ ገዛሁ። ፎቶው ላይ ሽፋኑ ፏ ያለ ነበር። ሲደርሰኝ ከመሃል አንድ ገጽ ላይ የቅናሽ ኩፖን በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። ኩፖኑስ ይቅር፤ ከጀርባው የነበረው ስለ ሉሲ የተጻፈው ነው። ወሬው ግማሽ ላይ ተቆረጠብኝ። ሻጩን ስጠይቅ «ሽፋኑ ደህና ነው ነው ያልኩት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሌላ አላለም።

ስለዚህ የውስጥ ገጾችን ፎቶ ጠይቁ። የሽቦውንም ጭምር፤ ዝገቱ ወረቀቱን በልቶት እንደሆነ ይታያል። የአድራሻ ተለጣፊ መኖሩን እዩ፤ ቤት ለቤት በፖስታ ይላክ የነበረ ቅጂ ሽፋኑ ላይ ተለጣፊ አለው፣ ዋጋውንም ይቀንሰዋል። እኔ ተለጣፊውን አልጠላውም። የባሰው ተለጣፊውን ልንቀል ብሎ ሽፋኑን የላጠው ነው። ሽታ በፎቶ አይታይም፤ «ምድር ቤት ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሻገተ መጽሔት ሌሎቹንም ያበላሻል።

የቃላት እንቆቅልሹ በእስክሪብቶ የተሞላስ? ጉድለት ነው፣ ዋጋ ይቀንሳል። እኔ ግን አንዱን ወድጄዋለሁ። በሰማያዊ ቀለም ተሞልቶ፣ አንድ መልስ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ፣ በመጨረሻ ባዶ ተትቷል። ማን እንደነበረ እንጃ፤ ያን ምሽት ሉሲን እየጠበቀ ይሆናል።

የፖስታ ነገር፦ አሜሪካ ውስጥ ለመጽሐፍ የሚሆነው ርካሹ «ሚዲያ ሜይል» ማስታወቂያ ላለበት መጽሔት አይፈቀድም። ሻጩ በእሱ እልካለሁ ካለ ፖስታ ቤቱ ከፍቶ ካየው ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቀው ተቀባዩ ሊሆን ይችላል። ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ላይፍ ከሆነ ደግሞ ሳይታጠፍ፣ በሁለት ወፍራም ካርቶን መሃል እንዲላክ በጽሑፍ ቃል አስገቡት።

በፕላስቲክ ታሽጎ ነጥብ ተሰጥቶት የሚሸጥም አለ። ሲጂሲ የሚባለው ድርጅት ኮሚክና መጽሔት መርምሮ እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ለቁጥር 1 ያህል ገንዘብ ስታወጡ እርግጠኛ መሆን ዋጋ አለው። ለ1972 እትም ግን የማሸጊያው ወጪ ከመጽሔቱ ይበልጣል። የታሸገውን ደግሞ መግለጥ አይቻልም፤ ለእኔ ይሄ የታሸገ በግ ነው፣ ታያለህ እንጂ አትቀምሰውም።

ቤት ከገባ በኋላ አሲድ የሌለው ካርቶንና የፖሊስተር መያዣ ግዙለት። ላሚኔት አታድርጉ። በስኮች የተቀደደ አትለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ላይፍን አስተኙት፣ ቲቪ ጋይድን ማቆም ይቻላል። ፍሬም ውስጥ ያስገባችሁትን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉ። የእኔ ላይፍ ዛሬ ለዚህ ጽሑፍ ብዬ አወረድኩት እንጂ ኮሪደር ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ቁጥር 1 የሚኖረው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከዛሬ በፊት ካወጣሁት ስድስት ወር ሆኖኝ ነበር።