ሁልጊዜ 2016 ላይ የሚነቃው ኮምፒውተሬ

በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. በ26,500 ብር የገዛሁት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ቤቴ ከገባ እነሆ ዐሥራ አንድ ወር ሞላው። በዕድሜዬ የራሴ ያልሁት የመጀመሪያው ኮምፒውተር በመሆኑ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ስክሪኑና ስለ ኪቦርዱ ብዙ ለመጻፍ አስቤ ነበር። ሆኖም ከዐሥራ አንዱ ወር ስምንቱን የበላብኝ፣ መጠኑ ከሃያ አምስት ሳንቲም ጋር የሚቀራረብ አንድ ክብ ነገር ስለሆነ፣ ግምገማዬ በአብዛኛው ስለ እርሱ ይሆናል።

አስቀድሜ ስለ ገንዘቡ ልናገር። የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ የምኖረውም ከከተማው ጠርዝ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚነሣበት አካባቢ ነው። ዐሥራ ሁለት መምህራን በወር 2,500 ብር የምንጥልበት ዕቁብ ነበረን። ዕጣው በሚያዝያ ደረሰኝና 30,000 ብር ቆጥሬ ወደ ቤቴ ስገባ፣ ባለቤቴ ገንዘቡን ለልብስ ማጠቢያ ማሽን አስባው ኖሯል። እኔ ደግሞ ፈተናና የመልመጃ ወረቀት በጽሕፈት ቤት እያስተየብሁ በገጽ 25 ብር እንደምከፍል፣ በዓመትም ወደ 120 ገጽ እንደማሠራ አስረዳኋት። ጥቂት ካሰላሰለች በኋላ፣ «እንግዲያው በዓመት 3,000 ብር ሊያተርፍልህ ነው፤ ወጪውን የሚመልሰው ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሲል ነዋ!» አለችኝ። የሒሳብ መምህሩ ማን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ግራ ገባኝ። ኮምፒውተሩ ግን ተገዛ፤ ከተረፈው ገንዘብም ለስታቢላይዘርና ለመጓጓዣ ዋለ።

የገዛሁት ከመገናኛ ነው። ሱቁ ፒያሳ ሲፈርስ ወደዚያ የተዛወረ እንደሆነ የነገረኝ ወጣት ሻጭ፣ «ጋሼ፣ የአውሮፓ ዩዝድ ነው፤ እንደ አዲስ ነው፤ ዐሥር ዓመት ምንም አይልዎትም» እያለ ከፈተልኝ። ኮር አይ ፋይቭ ስድስተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ 22 ኢንች ሞኒተር። ከእነዚህ ቃላት መካከል የገባኝ ሞኒተር የሚለው ብቻ ስለነበር፣ የማውቀውን ነገር ፍለጋ ዓይኔን በስክሪኑ ላይ ሳንከራትት ከታች በቀኝ በኩል 2016 የሚል ቁጥር አየሁ። ዓመቱ 2016 ነበርና «ሁሉም ነገር ትክክል ነው» ብዬ ገንዘቤን ቆጠርሁ። ሞኒተሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ለሣጥኑ የአንድ ሰው ወንበር ከፍዬ በሚኒባስ ተመለስሁ።

በዚያው ምሽት ከስልኬ ሆትስፖት ጋር አገናኝቼ አንድ ድረ ገጽ ልከፍት ስል፣ ብሮውዘሩ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል ትርጉም ያለው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ አሳይቶኝ እምቢ አለ። ሰዓቱን ከእጅ ሰዓቴ ጋር አመሳከርሁና ስሕተት ሆኖ ስላገኘሁት አስተካከልሁት። ዓመቱ ያው 2016 ነው። ወሩና ቀኑ የጃንዋሪ የመጀመሪያ ቀን መሆኑን አይቼ፣ ፈረንጆች እንደሚቆጥሩት የተጻፈ ስለሆነ አይመለከተኝም ብዬ አለፍሁት። ዓመቱን በእኛ፣ ወሩን በእነርሱ አቆጣጠር ያነበብሁ እኔ አስተማሪው ነኝ። ድረ ገጹ ግን አሁንም እምቢ አለ። ጥፋቱ የኔትወርክ ነው ብዬ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ የኢንተርኔት ጥቅል ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ዐሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሳ፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ነው፤ አሁን 2024 ነው» አለችኝ።

ለካስ ኮምፒውተሩ የሚኖረው ታኅሣሥ 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ላይ ኖሯል። ቀኑን አስተካከልንለት፤ ሁሉም ነገር ተከፈተ፤ እኔም ነገሩ ያበቃ መሰለኝ። በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ለመቀጠል ኤፍ 1ን እንድጫን የሚጠይቅ ጽሑፍ ጠበቀኝ፤ ተጭኜ ስገባም ጃንዋሪ 1 ቀን 2016። በእኛ ሰፈር መብራት ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላል በሚል ፍራቻ ባለቤቴ በየሌሊቱ የማከፋፈያውን ገመድ ከግድግዳ የመንቀል ልማድ ስላላት፣ መብራት ባይጠፋ እንኳ በየጧቱ ያው የፈረንጆች አዲስ ዓመት ነው።

ለሻጩ ደወልሁለት። «ጋሼ፣ እሱ እኮ የኮምፒውተሩ ችግር አይደለም፤ የሰፈርዎ መብራት ነው። ሰዓቱን እያስተካከሉ መጠቀም ነው» አለኝ። የአንድ ሳምንት የቃል ዋስትና ሰጥቶኝ ስለነበር ዕቃውን ተሸክሜ ለመመለስ ዳድቶኝ ነበር፤ አነጋገሩ ግን እንደ አዋቂ ስለነበር አመንሁት። አሁን ባናግረው የምለው ይህ ነው፤ ወንድሜ፣ ኮምፒውተር ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የውስጥ ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚያገኝ ሰዓቱን መቁጠር አያቆምም። ገመዱ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ግን ሰዓቱን የሚይዝለት ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካች ትንሽ ባትሪ ናት። መብራት በማይጠፋበት ቦታ የባትሪዋ መሞት ዓመት ሙሉ ላይታወቅ ይችላል፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ግን ሦስት ቀን አይሞላም። እንግዲህ የእኔ ሰፈር መብራት የሠራው ጥፋት አንተ የሸጥህልኝን የሞተ ዕቃ ማጋለጥ ብቻ ነበር።

የቀን መሳሳት እንዲህ ያለ ጣጣ ያመጣል ብሎ ያሰበ ሰው በቤታችን አልነበረም። እያንዳንዱ አስተማማኝ ድረ ገጽ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት አለው፤ ዕድሜውም በዚያን ጊዜ ቢበዛ 398 ቀን ነበር። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር ያንን ወረቀት ሲያየው ገና ወደፊት የሚወጣ ወረቀት ስለሚመስለው አይቀበለውም። ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ የሚያስተካክልበት መንገድ አለው፤ ነገር ግን ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ እንዲህ ያለውን እርማት አይቀበልም። የእኔ ልዩነት ስምንት ዓመት ነበር።

ይህንንም ቢሆን በየጧቱ ቀን እየሞላሁ ችዬው ነበር። ያልቻልሁት የሰኔውን ነው። የማጠቃለያ ፈተናውን በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ጀምሬ፣ በፍላሽ ወደ ቤት ወስጄ፣ ሁለት ሌሊት አርሜና አስፋፍቼ ጨረስሁት። በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች መብራት እየጠፋ ሲመጣ ቀኑን ማስተካከል ሰልችቶኝ እንዲሁ ሠራሁ። በመጨረሻም የቤቱንና የፍላሹን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ አሮጌውን ልሰርዝ ብዬ ቀናቸውን ተመለከትሁ። ያልታረመው የትምህርት ቤቱ ቅጂ ጁን 2024 ይላል፤ የታረመው ጃንዋሪ 2016። ታማኝ ሰው ነኝና ቀኑ የነገረኝን አምኜ ሁለቱን ሌሊት ሰረዝሁ። ፈተናው በማግስቱ ጧት ለማባዣ መግባት ስለነበረበት፣ ከጎደሉት ጥያቄዎች የማስታውሳቸውን በእጄ ጽፌ በዚያው ባለ 25 ብር ጽሕፈት ቤት ሳስተይብ ዋልሁ። ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል የተባለው ሒሳብ በዚያ ቀን ጥቂት ተራዘመ።

ከዚያ በኋላ ለጥገና ወሰድሁት። የመጀመሪያው ጠጋኝ ሣጥኑን ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ነው፤ 7,000 ብር» አለኝ፤ ሁለተኛው ከፍቶ አይቶ ያንኑ ደገመልኝ። ልሸጠው አሰብሁ። በዚህ መካከል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገና በባንክ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ይል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። ጎረቤቴ ተመሳሳይ ኮምፒውተር 40,000 ብር መጠራቱን ሲነግረኝ፣ ሌሊቱን ስረግመው ያደርሁትን ዕቃ በኩራት አየሁት። ሰው ግዢውን የሚወድደው አንዳንድ ጊዜ በዕቃው ሳይሆን በገበያው ምክንያት ነው፤ እኔም ከነሐሴ እስከ ጥር በዚህ ኩራት ብቻ ኖርሁ። በመስከረም እኛ 2017 ስንገባ ኮምፒውተሩ እዚያው 2016 ላይ ቀረ፤ የሱቁ ወንድማችን ያተረፈባት ግጥምጥሞሽም በዚያች ቀን አበቃች።

በጥር ወር ባለቤቴ የእጅ ሰዓቷን ባትሪ ለማስቀየር አቃቂ ወዳለ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ስትሄድ ተከትያት ሄድሁ። እንዲያው ለወሬ ያህል፣ «አባባ፣ የእኔ ደግሞ ኮምፒውተር ነው ሰዓት አልይዝ ያለው» ብላቸው፣ «መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን ስላቸው፣ «ይዘኸው ና፤ ሰዓት የሚባል ነገር ሁሉ ባትሪ ይፈልጋል» አሉኝ። በማግስቱ ሣጥኑን በባጃጅ ወሰድሁላቸው። የጎኑን ክዳን ከፍተው፣ ከማዘርቦርዱ ላይ ያችን ክብ ነገር በጥፍራቸው ፈልቅቀው በመለኪያቸው ለኳት፤ ሦስት ቮልት መሆን የሚገባው አንድ እንኳ አልሞላም። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ሃያው ስፋቷ በሚሊሜትር፣ ሠላሳ ሁለቱ ደግሞ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረቷ ነው። በመኪና ሪሞት ቁልፍ ውስጥም የምትገባ ተራ ባትሪ ናት። ከነእጅ ዋጋቸው 120 ብር ከፈልሁ።

መቶ ሃያ ብር። ያንን ሻጭ በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንዳቆምሁትና እንደሞገትሁት አልቆጥርም። ባትሪዋ መሞቷን ካወቅህ፣ «ጋሼ፣ 120 ብር ይጨምሩና ልቀይርልዎ» ብትለኝ እምቢ እልህ ነበርን? ካላወቅህስ ዐሥር ዓመት ምንም አይልዎትም ያልኸኝ በምን ዐውቀህ ነው? የዐሥር ዓመቱንም ነገር ቢሆን በኋላ አጣርቻለሁ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ማብቂያው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእኔን ዓይነቱን ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ዐሥር ዓመት የተባለው አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ ማለት ነው፤ በዚህኛው ላይ ግን ገና ስላልተናደድሁ ለጥቅምት አቆይቼዋለሁ።

ዕቃውን መግዛቴ ይጸጽተኛልን? ዛሬ አይጸጽተኝም፤ በሰኔ ብትጠይቁኝ ኖሮ መልሱ ሌላ ነበር። በአማርኛ እንደ ልቤ እጽፍበታለሁ፣ ልጄም ታጠናበታለች፤ ሌላው ሌላው ደህና ነው። ዩዝድ የሚገዛ ሰው ግን ሱቁ ውስጥ ገመዱን አስነቅሎ፣ አንድ ቡና ጠጥቶ ተመልሶ ያስከፍተውና ቀኑን ይይ፤ ዓመቱንም በፈረንጅ ያንብብ።

ሚያዝያ 6 ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሊነጋ ሲል መጣ። ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ ከፈትሁት። ኤፍ 1 የሚል የለም፤ ከታች በቀኝ በኩል ኤፕሪል 14 ቀን 2025 ይላል። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «ጎሽ፤ እንግዲህ ስምንት ዓመት ቀረው» አለችና ስቶቩን ለመለኮስ ወደ ማድ ቤት ገባች።