ካሜራ ላላችሁ፦ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ምስጋናዬ ለአንድ የካሜራ ጠጋኝ ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ያገለገለ ካኖን 24-105 ሌንስ በቴሌግራም ገዛሁ። ኤፍ 4ቱን፣ ቀይ ቀለበት ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የመጀመሪያውን። የሰርግ ሥራ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከሙሽራዋ ቤት እስከ አዳራሽ ሌንስ ሳይቀየር የሚዋልበት ነው። ሻጩ «ንጹህ ነው፣ ምንም የለበትም» አለኝ። የላከልኝ ናሙና ፎቶዎችም ጥርት ያሉ ነበሩ። ዕቃው ሲደርስም መስታወቱ ላይ ጭረት የለም፣ ፎከሱ ይይዛል።

ሰርግ ላይ ቤተሰቡን አሰልፌ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ወደ 8 ሳጠብበው ግን ካሜራው «ኤረር 01» ብሎ ቀጥ አለ። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ። የሌንሱን ወርቃማ ነጥቦች ጠረግኩ። ወይ ፍንክች! ሻጩ ጋ ስደውል «ችግሩ ካሜራሽ ነው» አለኝ።

ጋሼ ሌንሱን ሲቀበለኝ መጀመሪያ ያየው መስታወቱን አይደለም። ገልብጦ፣ ካሜራው ላይ የሚገጥመውን ብረት ብሎኖች በአጉሊ መነጽር አየ። የሁለቱ ራስ ተበልቷል። «ይሄ ባገኙት ካቻቢቴ ተከፍቷል» አለ እየሳቀ። የጃፓን ካሜራ ብሎን የራሱ ካቻቢቴ አለው። በተራ መስቀለኛ ካቻቢቴ ሲያስገድዱት ራሱ ይላጣል።

ከዚያ ካሜራዬ ላይ ገጠመው። አፐርቸሩን 8 ላይ አድርጎ፣ ከሌንሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫነና «ከፊት ለፊት ተመልከቺ» አለኝ። ዙሙ 70 ላይ ሲሆን የአፐርቸሩ ክንፎች እሽት ብለው ተጠጋጉ። 24 ላይ ሲመልሰው ንቅንቅ የለም። ኤረር።

አፐርቸሩን የሚያዘው ኤሌክትሪክ በቀጭን ፍሌክስ (እንደ ሪባን በሚተጣጠፍ ሽቦ) ነው የሚሄደው። ዙም በተደረገ ቁጥር ፍሌክሱ ይታጠፋል፣ ዓመታት ሲቆይ ይሰነጠቃል። የዚህ ሌንስ የታወቀ በሽታው ነው። 4 ላይ ግን አፐርቸሩ ወለል ብሎ ክፍት ስለሆነ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ፎቶው ያምራል። የሻጩን ናሙናዎች መረጃ ከፍቼ አየሁ። ሁሉም 4 ላይ የተነሱ ናቸው። ብልጥ!

በስልኬ ባትሪ ሳበራበት ውስጡ ነጫጭ ነገር አይቼ ደግሞ ፈንገስ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። «አቧራ ነው። ፈንገስ ቢሆን እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል። ይሄ ፎቶሽ ላይ አይታይም፣ ለማጽዳት ብር እንዳታወጪ» አለኝ። ልብ በሉ፣ ለጽዳት ብሎ ቢያስከፍለኝ በደስታ እከፍለው ነበር።

ከሁሉ የማመሰግነው ግን ለመፍታት አለመቸኮሉን ነው። «ከፈታሁት በኋላ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ይልሻል» ብሎ በስልኬ ቪዲዮ አስቀረጸኝ። ያገኘውን ጉድለትም በእጅ ጽሑፍ ከነፊርማው ሰጠኝ። ሻጩ ቪዲዮውን ካየ በኋላ ስለ ካሜራዬ ማውራት ተወ። ሌንሱን ስለምፈልገው የፍሌክሱንና የእጁን ዋጋ እሱ እንዲችል ተስማማን፤ ብሩንም ላከልኝ። ፍሌክሱ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝ። አሁን 22 ድረስ አጠብበዋለሁ፣ ኤረር የሚባል ነገር የለም።

ጋሼ ድሮ ፒያሳ ነበር። አካባቢው በ2016 ሲፈርስ ወደ መገናኛ ተዛወረ፤ ብዙ ደንበኞቹ የጠፉበት ያኔ ነው። ካኖንና ኒኮን ይሠራል፣ ሶኒ አይነካም። ጠዋት ሥራ ላይ ስለሆነ ስልክ አያነሳም፤ ከሰዓት ደውሉለት። ያገለገለ ሌንስ ልትገዙ ከሆነ ሻጩን ይዛችሁ እሱ ጋ ብትሄዱም ቅር አይለውም፣ ለማየት ብቻ ብዙም አያስከፍልም። ስልኩንና ሕንጻውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።