ሌዘር፣ ሬድ ዶት ወይስ መብራት? ለቤት መከላከያ ጠመንጃ የቱ ይቅደም

አሜሪካ ውስጥ ቤቱን ለመጠበቅ ብሎ ኤአር-15 ወይም መሰል ጠመንጃ የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ሌዘር ልጨምርበት እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። የኛ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ ሬድ ዶት፣ ሌዘር ገንዘብ ከተረፈ። ሌዘሩን ከሬድ ዶት ማስቀደም የሚገባቸው ሰዎች ግን አሉ፤ ከታች እንደርስባቸዋለን።

ሦስቱ ዕቃዎች አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠሩም። መብራት ከፊት ያለው ማን እንደሆነ ያሳያል። ሬድ ዶት በመስታወቱ ውስጥ ነጥብ አሳይቶ ጥይቱ የሚያርፍበትን ይጠቁማል። ሌዘር ደግሞ ነጥቡን ራሱን ዒላማው ላይ ይጥለዋል። ሌሊት ኮሪደሩ ላይ የቆመው ሌባ ይሁን ከሥራ አምሽቶ የገባ ልጅዎ፣ ሌዘር አይነግርዎትም። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ጂፕሰም ስለሆነ የ5.56 (የኤአር-15 የተለመደው) ጥይት በስቶ ሌላ ክፍል ሊገባ ይችላል፤ አይቶ መለየት የሚቀድመውም ለዚህ ነው። መብራት በሌለው ጠመንጃ ላይ ሌዘር ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው።

መብራቱ ላይ ብዙ አንቆይም። ስትሪምላይት ፕሮታክ ኤችኤል-ኤክስ 1,000 ሉመን (ጠቅላላ የብርሃን መጠን) እና 50,000 ካንዴላ (ብርሃኑ ወደ ፊት የሚወረወርበት ብርታት) ይሰጣል፤ ዋጋው 150 ዶላር ገደማ ነው። በሁለት ሲአር123ኤ ባትሪ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሆነ፣ መለዋወጫ ባትሪ ቤት ውስጥ አይጥፋ።

ሬድ ዶት እና ሌዘር ጎን ለጎን

በባትሪ ንጽጽር የለም ማለት ይቻላል። ኤምፖይንት ፕሮ የተባለው ሬድ ዶት በአንድ ባትሪ 30,000 ሰዓት፣ ማለትም ከሦስት ዓመት በላይ ሳይጠፋ ይቆያል፤ አብርቶ መተው ነው። ዋጋው ግን 450 ዶላር አካባቢ ነው። ሌላው ሬድ ዶት፣ ሲግ ሮሚዮ5፣ በዚያ ሲሶ ያህል ይሸጣል፤ ጠመንጃው ሲነቃነቅ በራሱ ይበራል። ሌዘር ግን ዕድሜው የሚቆጠረው በሰዓታት ነው፤ በተፈለገበት ሰዓት ቁልፉን በጣት ፈልጎ ማብራት ግድ ነው። ከእንቅልፉ ባንኖ ለተነሳ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

በርቀት ረገድም ሬድ ዶት ይሻላል፤ የቀትር ፀሐይ ላይ ቀይ ሌዘር ከጥቂት ሜትሮች በኋላ አይታይም። ቤት ውስጥ ግን ሌዘር ጉልበት አለው። ጉንጭን ሰደፍ ላይ ሳያሳርፉ ማነጣጠር ይቻላል፤ በአንድ እጅ ስልክ ይዞ 911 ለሚደውል ወይም ልጅ ላቀፈ ሰው ይህ ዋጋ አለው። ትከሻው የተጎዳ፣ አንገቱን ማጎንበስ የማይችል ሰው ሌዘሩን ከሬድ ዶቱ ያስቀድም።

ሌላው የዓይን ጉዳይ ነው። አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛባት) ያለበት ሰው የሬድ ዶትን ነጥብ ክብ አድርጎ አያየውም፤ የተበተነ ኮከብ ይሆንበታል። ብዙ ሰው ዕቃው የተበላሸ መስሎት ወደ ሱቅ ይመልሰዋል። ከመመለስዎ በፊት ነጥቡን በስልክ ካሜራ በመስታወቱ በኩል ያንሱት፤ ፎቶው ላይ ክብ ከሆነ ችግሩ ከዓይን ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሌዘር አንድ መፍትሔ ነው፤ ከሌዘርም የሚሻለው ግን ምልክቱ መስታወቱ ላይ የተቀረጸ፣ ለዓይን የሚስተካከል ባለ አንድ እጥፍ (ምስሉን የማያጎላ) ፕሪዝም ማነጣጠሪያ ነው።

ጥይቱ ነጥቡ ላይ አያርፍም

ገዢዎች በደንብ የማይነገራቸው ይህ ነው። ኤአር-15 ላይ የተለመደው ሬድ ዶት ከበርሜሉ መሃል 6.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በ45 ሜትር ዜሮ ቢደረግም (ነጥቡና ጥይቱ በዚያ ርቀት እንዲገናኙ ቢስተካከልም)፣ በ5 ሜትር ላይ ጥይቱ ከነጥቡ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ያርፋል። ሌዘርም እንዲሁ ነው፤ እጅ መያዣው ላይ በቀኝ ጎን 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ ታስሮ በ25 ሜትር ዜሮ ከተደረገ፣ በ5 ሜትር ጥይቱ ከነጥቡ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ፣ በ50 ሜትር ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ለቤት የምንመክረው ትይዩ አድርጎ ማስተካከል ነው። ሌዘሩን ከመንካትዎ በፊት ሁልጊዜ ጠመንጃውን ባዶ ያድርጉ፤ ካዝናው ይውጣ፣ የጥይት ቤቱ በዓይንም በጣትም ይታይ። ተኩስ ሜዳ ላይ ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ፣ ከእሱ በስተቀኝ በ4 ሴንቲ ሜትር ሌላ ነጥብ ያድርጉ። በ25 ሜትር ሆነው ሌዘሩን በቀኙ ነጥብ ላይ እያሳረፉ ሦስት ሦስት ጥይት ይተኩሱ፤ ጥይቶቹ ግራው ነጥብ ላይ እስኪሰበሰቡ ድረስ ከዕቃው ጋር በመጣው ትንሽ አለን ቁልፍ በሩብ ዙር ያስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ በየትኛውም የቤት ርቀት 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያስታውሱት። ብሎኗ መጨረሻ ከደረሰች አይጫኑ፤ ጥርሷ ይበላል።

ቀይ ወይስ አረንጓዴ

አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ በሚሸጥ ማነጣጠሪያ ሌዘር ላይ የኃይል ጣሪያው ለሁለቱም 5 ሚሊዋት ነው። የዓይናችን ንቃት ግን 555 ናኖሜትር (የብርሃኑን ቀለም የሚወስነው የሞገድ ርዝመት) አካባቢ ይበረታል። ስለዚህ 520 ናኖሜትር አረንጓዴ፣ ኃይሉ እኩል ሆኖ፣ ከ650 ናኖሜትር ቀይ ስድስት እጥፍ ያህል ደምቆ ይታያል። ቀይ ከሆነም 635 የተጻፈበት ከ650ው እጥፍ ያህል ይደምቃል። የድሮዎቹ 532 ናኖሜትር አረንጓዴዎች ብርድ ሲነካቸው ይደክማሉ፤ ሚኔሶታ ጋራዥ ውስጥ ጥር ላይ ጨርሶ ላይበሩ ይችላሉ። ሳጥኑ ላይ 520 ወይም 515 የሚለውን ይፈልጉ። ኢንተርኔት ላይ «50 ሚሊዋት» እየተባለ የሚሸጠውን አይንኩ፤ ከመስታወት ወይም ከቴሌቪዥን ተንጸባርቆ የልጅ ዓይን ይጎዳል።

መብራትና ሌዘር በአንድ ላይ ካበሩ ሌላ ችግር አለ። 1,000 ሉመን በ4 ሜትር ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ቀዩ ነጥብ ይዋጣል፤ አረንጓዴው ይሻላል። ሁለቱን በአንድ አካል የያዘው ስትሪምላይት ቲኤልአር-2 ኤችኤል ጂ አረንጓዴ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ምን ይበላሻል

በጣም የሚደጋገመው ብሎን መላላት ነው። ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ሙጫ) አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ብሎኑንና አካሉን የሚያቋርጥ የቀለም መስመር፤ መስመሩ ከተሰበረ ተላልቷል ማለት ነው። ሌዘሩ ወደ አፈሙዙ ከቀረበ የባሩድ ጥላሸት መስታወቱን ይሸፍነዋል፣ ነጥቡም ይበተናል፤ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል። በገመድ የተያያዘ ማብሪያ የሚመርጡ ከሆነ ገመዱ በር እጀታ ላይ እንዳይጠመድ በሬይሉ (ዕቃዎቹ በሚታሰሩበት ሐዲድ) ሥር ይሰሩት።

ከዕቃው ይልቅ ግን ተኳሹን የሚያበላሸው ነጥቡን ማሳደድ ነው። ነጥቡ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ መሃል ላይ ሲደርስ ቃታውን ለመንጠቅ እጅ ይቸኩላል፣ ጥይቱም ይስታል። መድኃኒቱ በባዶ ጠመንጃ፣ ጥይት ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ መንቀጥቀጡን እንደ ተፈጥሯዊ ነገር ተቀብሎ ቃታን ቀስ ብሎ መሳብ መለማመድ ነው።

ሻጮች «ነጥቡን ደረቱ ላይ ሲያይ ይሮጣል» ይላሉ። ላያየውም ይችላል። ሰው ላይ ጠመንጃ ማነጣጠር ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ከሆነ በራሱ ወንጀል ነው፤ ለማስፈራራት ብሎ ሌዘር መግዛት መጥፎ ምክንያት ነው።

ከመክፈልዎ በፊት

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በተማሪ፣ በጉብኝት ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ በሕጉ የተዘረዘረ ልዩ ሁኔታ ከሌለው አይፈቀድለትም። የኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ሲያትል ያለበት ዋሽንግተን ስቴት ኤአር-15 መሰል ጠመንጃ ላይ የየራሳቸው ጥብቅ ገደብ አላቸው፤ የዋሽንግተን ስቴት የሽያጭ እገዳ ከ2023 ጀምሮ ነው። የቺካጎ ከተማ ሕግ ደግሞ ሌዘር ማነጣጠሪያን ራሱን ይከለክላል። አገር ቤት ላለ ዘመድ በሻንጣ ይዤ ልሂድ የሚል ካለም፣ የጠመንጃ ማነጣጠሪያና ሌዘር በአሜሪካ የኤክስፖርት ቁጥጥር ሥር ስለሆኑ ያለፈቃድ ማውጣት ክስ ያስከትላል።