ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ የውበት ሕክምና ትምህርት፦ ከደብረ ማርቆስ ሆኜ የተማርኩት ኮርስ ለገንዘቡ ይመጥናል ወይ?

ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የተማርኩት እንግሊዝ አገር ያለ ትምህርት ቤት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በኦንላይን የሚሰጠውን የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ነው። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስሙን አልጠራም። ሙያዬ ነርስነት ነው፣ የምሠራው ደብረ ማርቆስ። ትምህርቱ ቦቶክስ (የፊት መጨማደድ የሚያላላ መርፌ)፣ ፊለር (ጉንጭና ከንፈር የሚሞላ መርፌ)፣ ፒሊንግ (የላይኛውን ቆዳ በአሲድ መላጥ)፣ ሌዘር፣ ማይክሮኒድሊንግ (ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች መውጋት) እና የቆዳ እንክብካቤን ይሸፍናል። ባጭሩ ቢላ የማይነካው የውበት ሕክምና ሁሉ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የጤና ባለሙያ ከሆናችሁ ግማሹ ትምህርት ከከፈላችሁበት በላይ ነው። የጤና ትምህርት ሳይኖራችሁ ሳሎን ከፍቼ ፊለር እወጋለሁ ብላችሁ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ።

ከጥሩው ልጀምር። ስለ ቆዳ አሠራር የሚያስተምረው ክፍል ግሩም ነው። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ውሃ እንዴት እንደሚይዝ፣ ሲጎዳ ምን እንደሚያስገባ፣ ሳሙና ሲበዛበት ምን እንደሚሆን ጥርት አድርገው ያስረዳሉ። እኛ ጎጃም የምንሠራ ሰዎች ነገሩን በዝሆኔ በኩል እናውቀዋለን። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሄደ ገበሬ እግሩ የሚያብጠው፣ አፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው አልፈው የሊምፍ መስመሩን፣ ማለትም ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሰውን ቧንቧ፣ ስለሚጎዱት ነው። እንክብካቤውም እግርን በደንብ ማጠብ፣ ማለስለሻ መቀባትና ጫማ ማድረግ ነው። ኮርሱ ስለ ዝሆኔ አንድ ቃል አይተነፍስም፣ ግን የሚያስተምረው ሳይንስ ያው ነው። ሌላው ደስ ያለኝ ነገር፣ ቆዳ ውስጥ ያለውን ውሃ በመያዝ ረገድ ተራ ቫዝሊን ከስንትና ስንት ውድ ክሬም እንደማያንስ መምህሯ ሳትሽኮረመም መናገሯ ነው። እንዲህ የሚል የውበት መምህር አላየሁም ነበር።

ፒሊንግና ሌዘሩም ለእኛ ቆዳ የሚሆነውን ለይተው ያስተምራሉ። ጥቁር ቆዳ ላይ ቲሲኤ የሚባለው የመላጫ አሲድ ጠንካራ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ቀለል ያለ ሳሊሲሊክ አሲድ ይሻላል። ፀጉር ለማስወገድ ደግሞ 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ ሌዘር ይመረጣል፣ ምክንያቱም ጨረሩን የላይኛው የቆዳ ቀለም ብዙም አይውጠውም። በየሳሎኑ «ሌዘር ነው» እየተባለ የሚሠራበት፣ ሌዘር ያልሆነ አይፒኤል የሚባል የብርሃን መሣሪያ ያቃጠለው ፊት የሚመጣው ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ስለ ማንጫ ክሬም የተማርኩት ነው። እዚህ ከተማ ለማድያት ወይም «ፊቴ ይፍካ» ተብሎ የሚቀባው አብዛኛው ነገር ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት) አለበት። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታዞን፣ አንዳንዴ ሃይድሮኪኖን ተጨምሮበት በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ፣ ስም የሌለው ቅልቅልም አለ። መጀመሪያ ፊት ጥርት ይላል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወጣል። ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ሰውየውም «ያለ ክሬሙ መኖር አልቻልኩም» ብሎ ይመለስበታል። «ሲስተር፣ ከተውኩትማ ፊቴ ይነድዳል» የምትለኝ ሴት ብዙ ናት። ሃይድሮኪኖንም ቢሆን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ጭራሽ ሰማያዊ ጥቁር የሆነ፣ የማይለቅ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ኮርሱ ይህን ሁሉ ያስተምራል። ስቴሮይድን በአንዴ ከመጣል ይልቅ በቆዳ ሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚተው፣ በዚያ ጊዜ ፊት ላይ ምን ብቻ እንደሚደረግ፣ ታካሚን ሳያሳፍሩ እንዴት እንደሚጠይቁ ጭምር። በታኅሣሥ መጥተው ለጥር ሰርግ ፊቴን አንጪልኝ የሚሉ ሙሽሮችን «አይሆንም እታለም፣ አሁን ፒሊንግ ብንሠራ ለሰርግሽ ጠቁረሽ ትገቢያለሽ» ለማለት ድፍረት የሰጠኝ ይኸው ክፍል ነው።

አሁን ወደ ወቀሳው። የትምህርቱ ሥዕሎች በሙሉ ማለት ይቻላል ነጭ ቆዳ ናቸው። «መቅላት» ሲሉ የሚያሳዩት ቀይ ጉንጭ ነው። የኛ ሰው ፊት ሲቆጣ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል እንጂ እንደዚያ አይቀላም። ይህ ደግሞ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፊለር በስህተት ደም ሥር ውስጥ ሲገባ ቆዳው ይነጣል፣ ያማል። ቶሎ ካልተደረሰበት ቆዳው ይሞታል፣ አልፎ አልፎም ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሆነውን ፊለር የሚያሟሟ ሃያሉሮኒዳዝ የሚባል መድኃኒት አለ፣ ግን ጊዜ አይሰጥም። ያንን መንጣት በጥቁር ቆዳ ላይ እንዴት እንደምለይ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «ጥሩ ጥያቄ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

ስለ ፊትዝፓትሪክ ደረጃም እንዲሁ ነው። ቆዳን ከ1 እስከ 6 የሚከፍለው ይህ ደረጃ በ1975 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለነጭ ቆዳ የታሰበ ነበር፣ የጠቆሩት ደረጃዎች የተጨመሩት በኋላ ነው። እነሱ ግን ከላይ እንደወረደ ሕግ ያስተምሩታል። እኛ አገር አንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ስንት ዓይነት ቀለም አለ!

የፀሐይ መከላከያው ትምህርት ደግሞ ለንደን ተቀምጦ የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ስለዚህ ብርድ ነው ብለን ጋቢ ለብሰን በቆምንበት ፀሐይ ከባሕር ዳርቻ ሩብ ያህል የበለጠ ጨረር እንቀበላለን። ይህን ራሴ ማስላት ነበረብኝ። ግን አንድ የሚያስመሰግን ነገር ነግረውኛል፦ ማድያትን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ነው። ለዚህ ደግሞ አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው ሳንስክሪን ይሻላል። ከተማችን ፋርማሲዎች ውስጥ ቢገኝ ጥሩ ነበር።

ተግባራዊው ክፍልማ ባዶ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ተግባራዊ ሥልጠና ያካትታል» ይላል። ከከፈልኩ በኋላ ሲገለጥ ግን ሥልጠናው እንግሊዝ አገር በአካል የሚሰጥ ነው፣ ቪዛው፣ ትኬቱና ማደሪያው በራስ። ይህን ቀድሞ አለመናገር ማታለል ነው የምለው። እኔ አልሄድኩም። መርፌ አያያዝ በቪዲዮ አይለመድም፣ ስለዚህ ቦቶክስም ፊለርም አልወጋም፣ የሚጠይቀኝን ሰው ወደ ቆዳ ሐኪም እልካለሁ። ደግሞስ ቦቶክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነገር ነው፤ መብራት ሄዶ ሲያድር ማን ይጠብቀዋል? ስለ መብራት መጥፋት የሚያወራ ትምህርት አልነበረም።

ክፍያው በፓውንድ ነው፣ ከዚህ መላክ ስላልቻልኩ ውጭ ያለ ዘመድ ነው የከፈለልኝ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ቀሪው ክፍያ በብር ሲሰላ እጥፍ ገደማ ሆነብኝ። ኔት ሲጠፋ ትምህርቱን አውርዶ ማየት አለመቻሉም አበሳጭቶኛል። የማስረከቢያ ቀን ሲያልፍብኝ ግን ምክንያቴን ሰምተው አራዝመውልኛል፣ በዚህስ አልወቅሳቸውም።

ሰርተፍኬቱ እዚህ አገር የሥራ ፈቃድ አይደለም። ለደረጃ ዕድገት የምትፈልጉት ከሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት የአቻ ግምት ይሰጠው እንደሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ። ከትምህርት ቤቱ ደግሞ ሦስት ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ፦ ተግባሩ የት እንደሚሰጥ፣ ሰርተፍኬቱ ላይ የሚፈርመው ዩኒቨርሲቲው ይሁን ትምህርት ቤቱ፣ የቆዳ ሳይንሱን ክፍል ብቻ ለይቶ መግዛት ይቻል እንደሆነ። ሦስተኛውን የጠየቀች አንዲት የባሕር ዳር ፋርማሲስት ተፈቅዶላት በግማሽ ያህል ዋጋ ጨርሳለች፣ እኔም አሁን ብሆን እንደሷ ነበር የማደርገው።