የድሮ የእንግሊዝ ሲኒና ሳህን፦ ዕድሜውን አጥርቶ የሚናገረው የየትኛው ፋብሪካ ማህተም ነው?

የድሮ የእንግሊዝ ሲኒ ወይም ሳህን ልትገዙ ስትሉ መጀመሪያ ገልብጡት። የአበባው ሥዕልና የወርቅ ጠርዙ ሳይለወጥ ለአሥርት ዓመታት ሊሠራ ይችላል፤ የተሠራበትን ዘመን የሚናገረው ከሥሩ ያለው ማህተም ነው። ማህተሙን ማንበብ ግን እንደ ፋብሪካው ይቀላል ወይም ይከብዳል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ለጀማሪ ሮያል ክራውን ደርቢን እመርጣለሁ። ከ1938 ጀምሮ በማህተሙ ላይ የሮማውያን ቁጥር አለ፤ በቁጥሩ ላይ 1937 መደመር ነው። አሥራ ሦስት የሚል ካገኛችሁ ዕቃው የ1950 ነው፣ አለቀ። ከዚያ በፊት ግን ለየዓመቱ የተለየ ምልክት ስለነበረው ያለ ሠንጠረዥ አይሞከርም።

ሮያል ዉስተር የሚቆጥረው በነጥብ ነው። በ1892 አንድ ነጥብ ብሎ ጀመረ፤ በየዓመቱ አንድ እየጨመረ በ1915 ሃያ አራት ደረሰ። ነጥቦቹን ቆጥሮ 1891 መደመር ቀላል ነው፤ ነገር ግን በጣም ጥቃቅን ናቸው። ሁለት ሦስቱ ደብዝዘው ካመለጧችሁ ዕቃውን ከዕድሜው በላይ ታስረጁታላችሁ፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። አጉሊ መነጽር ሳትይዙ አትግዙ።

ሮያል ዶልተን ከ1928 ወዲህ በማህተሙ ላይ ካሉት ከአንበሳውና ከዘውዱ በስተቀኝ ትንሽ ቁጥር ያትም ነበር፤ እዚህ 1927 ይደመራል። ሁሉም ዕቃ ላይ ግን አይገኝም።

የእኔ ልብ ያለው ዌጅውድ ላይ ነው። ከ1860 እስከ 1906 በሸክላ ዕቃዎቹ ላይ ሦስት ፊደሎች ይታተሙ ነበር፤ ጭቃው ሳይተኮስ ተጭነው የገቡ ስለሆኑ እጥበት አያጠፋቸውም። ዓመቱን የሚይዘው ሦስተኛው ፊደል ነው። ፊደሉ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ስለሚነሳ «ኤ» (A) 1872ም 1898ም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ «ኢንግላንድ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። የ1890 የአሜሪካ የታሪፍ ሕግ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ ስላስገደደ፣ ቃሉ ከ1891 ወዲህ ተለመደ። ከ«ኤ» ጋር ካለ 1898ን ያዙ። «ዌጅውድ ኤንድ ኮ» የሚል ማህተም ካያችሁ ግን ሌላ ፋብሪካ ነው።

በማህተም ላይ በግልጽ የተጻፈ ዓመት ደግሞ ብዙ ገዢ ያሳስታል። 1759 ዌጅውድ የተመሠረተበት ነው። በሮያል አልበርት «ኦልድ ካንትሪ ሮዝስ» ላይ ያለው 1962ም ንድፉ የወጣበት እንጂ የእናንተ ሲኒ የተሠራበት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በተሠሩትም ላይ ታትሟል።

በኢንተርኔት ስትገዙ የሥሩን ፎቶ በቅርበት አስልኩ። ማህተሙን የሚያቋርጥ ጭረት ካለ ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው ራሱ እንከን አግኝቶበት በሁለተኛ ደረጃ የሸጠው ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ዋጋ አትውሰዱት።